መርዶ ነጋሪዎቹን ያቆየው በረዶ

ዛሬ ጠዋት ከአልጋዬ ስነሳ ሮግስቬድ፣ የስቶክሆልም ዳርቻ ሰፈራችን፣ ነጭ ሆኖ ጠበቀኝ። በረዶ እዚህ አገር ምን ብርቅ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ስቶክሆልም ለኖረ ሰው ግን እንዲህ ያለው፣ መኪናውን ሁሉ ውጦ ጉብታ የሚያደርገው፣ በር አላስከፍት የሚለው፣ አውቶቡስና ባቡር የሚያስቆመው ዓይነት፣ ከስንት ዓመት አንዴ የሚመጣ እንግዳ ነው። የለመድነው ጠዋት ወርዶ ከሰዓት በኋላ ጭቃ የሚሆነውን ነው። ጉልበቴማ ከትናንት ጀምሮ ሲነግረኝ ነበር። መጋረጃውን ገልጬ “እንግዲህ ይህን ማን ይጠርገዋል” እያልኩ ለብቻዬ ሳጉረመርም ስልኬ ጮኸ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ዳዊት ነው። ሽማግሌ የምለው በአገልግሎቱ ነው እንጂ በዕድሜው ልጄ ይሆናል። “ጋሼ፣ ደህና አደሩ? እትዬ ማርታ አጠገብዎ ናቸው?” አለኝ። ይህ ጥያቄ ምን ማለት እንደሆነ ለሐበሻ አይተረጎምለትም። ወደ ኩሽና ሄጄ በሩን ዘጋሁት። የባለቤቴ የማርታ ወንድም ጌታቸው አዲስ አበባ ውስጥ አርፏል። ዛሬ በጠዋት ተሰብስበው መጥተው መርዶውን ሊነግሯት አስበው ነበር፤ ባቡሩ ቆመ፣ በመኪናም የሚሞከር አይደለም። “ነገ በጠዋት እንደርሳለን። እስከዚያ አደራዎን እንዳይሰሙ። እርስዎም ፊትዎን ይጠብቁ” አለኝ። ፊትዎን ይጠብቁ! በዚህ ዕድሜዬ።

ማርታ አሁን ሳሎን ውስጥ ናት። ወንበሯን ወደ መስኮቱ አስጠግታ፣ እግሯን በብርድ ልብስ ጠቅልላ በረዶውን ታያለች። እኔ የማነበው ነገር ያለኝ መስዬ ትንሿ ክፍል ውስጥ ተቀምጫለሁ። እውነቱን ለመናገር ይህን የምጽፈው ፊቴን የማስቀምጥበት ቦታ ስላጣሁ ነው። ደክሞኛል፤ ከበረዶውም በላይ ዝም ማለቱ ያደክማል። ይህ ቀን ደግሞ አንድ ጊዜ በላያችን አልፏል። ያን ጊዜ ስልኩን ያነሳችው ማርታ ነበረች፤ በረዶ እያየ የሚደሰተው እኔ ነበርኩ።

ጊዜው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ዘጠናዎቹ ናቸው፤ ዓመቱን አትጠይቁኝ። ልጃችን ሳራ የፊት ጥርሶቿን እየቀየረች የነበረችበት ክረምት መሆኑን ብቻ አውቃለሁ። ወደ ኢትዮጵያ ትንሽ ደቂቃ ማውራት የአንድ ሰው ምሳ ያስከፍል ስለነበር ሰው የሚናገረውን ቤቱ አሰናድቶ፣ በልቡ ደጋግሞ፣ ከዚያ ነበር የሚደውለው። ስልኩ እንደዛሬው ኪስ ውስጥ አይገባም፤ ኮሪደር ላይ ትንሽ ጠረጴዛ ነበረችው፣ ማርታ የሠራችው የዳንቴል ልብስ ከሥሩ ተነጥፎለት። የእኔ ካፖርት ሰው አሮጌ ዕቃውን አውጥቶ ከሚሸጥበት ገበያ በሰማንያ ክሮነር የተገዛ ወፍራም አረንጓዴ ነበር፤ የማን ሬሳ እንደለበሰው እንጃ እያለች ማርታ ትቀልድብኝ ነበር። እሷ ደግሞ እሑድ እሑድ ትከሻው በስፖንጅ የተሞላ ሐምራዊ ኮት ትለብሳለች፤ ያኔ ሴቱ ሁሉ ትከሻው የወታደር ነበር። ከባቡር ጣቢያው ወጥታችሁ ወደ አደባባዩ ስትሄዱ የቪዲዮ ካሴት የሚያከራይ ሱቅ ነበር፤ ከጎኑ ኮረሪማ የሚመስል ቅመም የገባበት ዳቦ የሚጋግር አንድ ዳቦ ቤት። ሽታው ደረጃው ድረስ ይመጣ ነበር። አሁን እዚያ ቦታ ጥፍር ይቀባሉ። ሽታውም ሌላ ነው።

እኔ እዚህ አገር የመጣሁት ለትምህርት ነው። የአፈር ጥናት ተምሬ እመለሳለሁ ብዬ ነበር፤ አገሩ ተገለባበጠና ቀረሁ። ናዝሬት እትዬ ዘነበች ቀረች። እትዬ ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ድክ ድክ የምል ነበርኩ፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት፣ ባል ሳታገባ፣ ለሰው ሹራብ እየሠራች። ናዝሬት በዚያ ሙቀት ማን ሹራብ ይለብሳል እንዳትሉ፤ ለደብረ ብርሃን ነጋዴዎች ነበር የምትሸጠው። በደወልኩ ቁጥር የመጀመሪያ ጥያቄዋ በረዶው ነው። እሷ የምታውቀው ቆርቆሮ የሚደበድበውን፣ ሰብል የሚያወድመውን ስለሆነ፣ “ጭንቅላትህን በምን ትሸፍናለህ ልጄ?” ትለኛለች። ጥጥ ነው፣ ለስላሳ ነው ብላት አታምነኝም። “ፎቶ ተነስተህ ላክልኝና ልየው” ብላ ስንት ዓመት ለመነችኝ። እኔም እሺ እላለሁ፤ የሚያኮራ በረዶ ግን አልመጣ አለ።

ውሻና ድመት ነበሩን። ድመቷን እሜቴ የሚል ስም ያወጣችላት ማርታ ናት፤ በእርግጥም የእመቤት አካሄድ ነበራት፣ ሶፋው የእሷ ነው። ውሻው የምድር ቤቷ ጎረቤታችን የኢንግሪድ ነበር። አሮጊቷ ወደ አረጋውያን መኖሪያ ስትገባ ውሻ አይፈቀድም አሏት፤ እኛ በር ላይ ቆማ ስታለቅስ ሳራም አብራት አለቀሰች፣ በዚህ ዓይነት ሲክስተን የእኛ ሆነ። ወገቡ ረጅም፣ እግሩ አጭር፣ ቡናማ ነገር ነበር፤ ሲፈጠር የእግሩ ጉዳይ የተረሳ ይመስላል። ማርታ የተቀበለችው በሕግ ነው። ሕጉም ውሻ ከኮሪደሩ አያልፍም የሚል ነው። ረቡዕ ረቡዕ የጸሎት ኅብረት እኛ ቤት ነበር የሚሰበሰበው፤ ከሰዉ ግማሹ ውሻ የሚያውቀው ግቢ ታስሮ ሲጮህ ነው። “ሰው እግዚአብሔርን ሊለምን መጥቶ ውሻ እግሩን ይልሰው?” ትላለች ማርታ። ሲክስተንም ሕጉን ያውቅ ነበር። የሳሎኑ ደፍ ላይ አገጩን አሳርፎ፣ አንዲት ጥፍር ሳያሳልፍ፣ ዓይኑን ብቻ ወደ ውስጥ ይልካል።

በዚያ ጠዋት ገና ጎህ ሲቀድ ሲክስተንን ይዤ ወረድኩ። በሩን በትከሻዬ ገፍቼ ነው የከፈትኩት። ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ አሁንም አላቆመም፤ እንዲህ ያለ ነገር በዚህ ከተማ አይቼ አላውቅም ነበር። ድምፅ የሚባል የለም። ሲክስተን ዘልሎ ገባና ጠፋ። የጅራቱ ጫፍ ብቻ ወዲያና ወዲህ ሲል ይታየኛል፤ ከዚያ ጆሮው ብቅ ይላል፣ እንደገና ይሰምጣል። እኔ የተከበርኩ ሰው፣ የተማርኩ ሰው፣ እዚያው ብቻዬን ቆሜ እስኪያመኝ ሳቅሁ።

ስንመለስ ማርታ ኮሪደሩ ላይ የስልኩ ጠረጴዛ አጠገብ ቆማለች። ዓይኗ ቀልቷል። “ምነው?” ስላት “ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው” አለች። በዚያ ጠዋት ምን ሽንኩርት ነው፣ ሽታውስ የታለ ብሎ የሚጠይቅ ጭንቅላት አልነበረኝም፤ ጭንቅላቴ በረዶው ላይ ነው። “ባቡሩ ቆሟል፣ ሬዲዮው ተናግሯል፤ ዛሬ ሥራ አትሄድም” አለችኝ። እኔም ለመሄድ አልሞትኩም። ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ ለእንግዳ የምታስቀምጠውን ነጭ ፎጣ አውጥታ፣ ሲክስተንን ራሷ አደራረቀችው። ሆዱን፣ መዳፉን፣ ጆሮውን ሳይቀር። “ይግባ፤ ብርድ መቶታል” አለችና ሳሎን አስገባችው። ውሻው ራሱ አላመነም፤ ደፉ ላይ ቆሞ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየ። ሳራ በሌሊት ልብሷ ሮጣ መጣች። የትምህርት ቤቷ መምህራን መድረስ ስላልቻሉ ለእሷም በዓል ነው። አማርኛ ትሰማለች እንጂ መልሷ በስዊድንኛ ነበር፤ “ማማ፣ ኤር ዱ ሹክ?” አለቻት፣ አሞሻል ወይ ማለቷ ነው። “ደህና ነኝ፤ ዛሬ በረዶ ነው” አለች ማርታ።

የሆነውን ለእናንተ ልንገራችሁ፣ እኔ ከማወቄ በፊት። ሲክስተንን ይዤ ወጥቼ ሳለ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ከአካላ ሰፈር፣ ጋሽ በቀለ ደውለው ነበር። ጋሽ በቀለ የቤተ ክርስቲያናችን ትልቅ ሰው ነበሩ፤ ክፉ ወሬ ከአገር ቤት ሲመጣ የሚመጣው እሳቸው ዘንድ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም። ባል ለሚስት፣ ሚስት ለባል ብቻውን አይናገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ልብ የሚይዝ፣ የሚደግፍ ሰው መርጦ፣ በጠዋት በር ያንኳኳል። እንዲህ ነው ሥርዓቱ፤ ስቶክሆልምም ቢሆን። እትዬ ዘነበች አርፋ ነበር። ቀብሯም በዚያው ቀን ነው። ጋሽ በቀለ “ቤት አቆዪው፤ እየመጣን ነው” ብለው ከቤታቸው ወጥተዋል። የእሳቸው መስመር አብዛኛው ከመሬት በታች ስለሆነ እስከ መሀል ከተማ ደርሰዋል፤ የእኛው ግን ሜዳ ለሜዳ ስለሚሄድ ቆሞ ቀረ። በእግራቸው ሊሞክሩ ሲሉ ፖሊስ ነው የመለሳቸው። እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት በማግስቱ ነው።

ስለዚህ ስልኩ በየሰዓቱ ይጮሃል። ማርታ ትሮጥና ታነሳለች። “አዎ… አለ… ደህና ነው… በልቷል… እሺ ጋሼ።” ማን ነው ስላት “ጋሽ በቀለ ናቸው፤ በረዶው እንዴት አደረጋችሁ ብለው ነው” ትለኛለች። ቆይቶ ሌላ ሰው፤ ጥያቄው ያው። እኔማ ኩራቴ ለጉድ ነው። “አየሽ፣ ይህ ሕዝብ ምን ያህል እንደሚወደን!” አልኳት። ጨጨብሳ ሠራችልኝ፣ ማር አብዝታ። ያኔ ማር ውድ ነበር፤ በማንኪያ ጫፍ ነበር የምትሰጠኝ። የመዘምራኑን ካሴት ልታስገባ አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። እኔ ምኑም አልታየኝ።

እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀመጥኩ፤ ማርታ ከሳሎን ጠራችኝ። ሻይ ትጠጣለህ ወይ ልትለኝ ነው። “አንቺ ቁጭ በይ፣ እኔ አፈላለሁ” ብዬ ተነሳሁ። ሻዩን ሰጥቻት ወደ መስኮቱ እያየሁ ቆምኩ፤ ዓይኗን ማየት አልቻልኩም። “ጌታቸው ይህን ቢያይ” አለች ድንገት፣ “በልጅነታችን አንድ ጊዜ በረዶ በሳፋ ሰብስቦ ስኳር ነስንሶ አበላኝና ታምሜ ተገረፈ።” ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። እንዴት እንደሳቅሁ አላውቅም። አፈር ሳጠና የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አፈር ሲዋሹት ፊት አያይም። ወደ ክፍሌ ተመልሼ በሩን ዘጋሁ። ማርታ ያን ቀን ሙሉውን እንዴት ቻለችው?

ምክንያቱም የእኔ ቀን ረጅም ነበር፣ ደስታዬም ወሰን አልነበረውም። ቀትር ላይ በረዶው ጋብ ሲል ሁላችንም ወረድን። ሳራ በጀርባዋ ተኝታ እጆቿን እያርገበገበች የመልአክ ቅርጽ ሠራች። ሲክስተን ከእሷ ወደ እኔ ቦይ እየማሰ ይመላለሳል። እሜቴን ስንወርድ ሰገነቱ ላይ ለቅቀናት ነበር፤ ከታች ሆነን ስናያት አንድ መዳፏን አስገብታ አውጥታ፣ አራግፋ፣ የሰደበን ይመስል ጀርባዋን ሰጥታን ገባች። ያኔ ነው እትዬ ትዝ ያለችኝ። “ማርታ፣ ካሜራውን አምጪ! ለእትዬ የሚላከው ፎቶ ይሄ ነው!” ብዬ ጮህኩ። ማርታ ትንሽ ቆማ አየችኝ፤ ከዚያ ወጥታ አመጣችው። እኔ እስከ ጉልበቴ በረዶ ውስጥ ቆሜ፣ ያን አረንጓዴ ካፖርት ለብሼ፣ ሲክስተንን እንደ ሕፃን ታቅፌዋለሁ።

“ጥርሴ ይታይ፤ እንዳልራበኝ ትወቅ” አልኳት።

“ይታያል።”

“እጅሽ ይንቀጠቀጣል፤ ቀጥ አድርገሽ ያዢው።”

“ብርዱ ነው።”

“ድገሚው፣ አንድ ሌላ። እትዬ ስታየው ምን የምትል ይመስልሻል?”

ማርታ ካሜራውን ከዓይኗ አላወረደችም። “ደስ ይላታል” አለች።

ከሰዓት በኋላ ሶፋው ላይ ጋደም አልኩ። ሲክስተን ደረቴ ላይ፣ እሜቴ እግሬ ሥር፤ እነዚያ ሁለቱ በአንድ ሶፋ ላይ ሲገናኙ የመጀመሪያቸው ነው፣ እሷም የዛሬን ብላ ዝም አለችው። መስኮቱ ላይ እንደገና ይወርዳል። ሳራ ምንጣፉ ላይ ሥዕል ትስላለች፤ ቤቱ ሞቋል፣ ውሻው ያንኮራፋል። “ማርታ፣” አልኳት፣ “እዚህ አገር ከመጣሁ እንደዛሬ ደስ ብሎኝ አያውቅም።” ተነስታ ኩሽና ገባችና የውሃውን ቧንቧ ከፈተችው፤ ውሃው ለረጅም ጊዜ ሲወርድ ይሰማኝ ነበር፣ በዚያው እንቅልፍ ወሰደኝ።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። እየዘፈንኩ ነው ማለት ይቻላል የከፈትኩት። ጋሽ በቀለና ሌሎች ሦስት ሰዎች፣ ጥቁር ካፖርት ለብሰው፣ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ረጥቦ ቆመዋል። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ብዛት ሰው ሲመጣ ቃል ምን ያደርጋል? “እትዬ?” አልኩ። ጋሽ በቀለ ክንዴን ያዙኝ። የሆንኩትን አልጽፈውም። አንድ ነገር ብቻ፤ መሬት ላይ ሆኜ ቀና ስል ማርታን አየኋት፣ እሷ ግን ከእኔ በላይ እያለቀሰች ነበር፤ እንደ አዲስ አይደለም፣ ሲጠራቀም እንዳደረ ውሃ ነው የወረደው። ያን ጊዜ ገባኝ።

“ታውቂ ነበር” አልኳት፣ ሰዉ ሲወጣ።

“ከጠዋት ጀምሮ።”

“እህቴ አፈር ስትለብስ እኔን አሳቅሽኝ! ፎቶ አነሳሽኝ!”

“አዎ” አለች። “ልቅሶው የትም አይሄድብህም ብዬ ነው። አንድ ቀን ይቆይልህ ብዬ።”

ተቀየምኳት። ፎቶዎቹ ታጥበው ሲመጡ ሳላያቸው መሳቢያ ውስጥ ከተትኳቸው። ሲክስተን ወደ ኮሪደሩ ተመለሰ፤ ረቡዕ ደግሞ ኅብረቱ ተሰበሰበ፣ ለእኔ መጽናናት ጸለዩ። እኔ ግን ከባዱ ኀዘኔ ሳቄ ነበር። ሰው ያሳደገችው እህቱ በምትቀበርበት ሰዓት በረዶ ውስጥ ይንከባለላል? ዓመታት አለፉ። ጋሽ በቀለም አለፉ፣ ሲክስተንም፣ እሜቴም በእርጅና። ሳራ አግብታ ሜርስታ የምትባል ከተማ ገባች፤ ልጆቿ አማርኛውንም አይሰሙት። ቅያሜዬ መቼ እንደሄደ አላውቅም፤ አንድ ቀን ስፈልገው አጣሁት። ግን ልክ ነበረች ብዬም ነግሬያት አላውቅም። ልክ መሆኗን ስላላወቅሁ ነው። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ፣ በእኔ በኩል ያ ቀን የተሰረቀ ነው ወይስ የተሰጠ ብሎ የሚፈርድ ሰው አልነበረም።

አሁን ይኸው እኔው ተቀምጫለሁ። በዚያ በኩል መስኮት አጠገብ ያለችው ስለ ወንድሟ እየሳቀች ነው። ልነግራት ተነሳሁ፤ ተቀመጥኩ። የተሰረቀ ከሆነ እየሰረቅሁ ነው። የተሰጠ ከሆነ ደግሞ ሰጪው ምን እንደሚከፍል አሁን አየሁት።

ይህን ስጽፍ በሩ ተከፈተ። ማርታ ነች፤ ብርድ ልብሷን ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

“ዛሬ ምን ሆነሃል?” አለችኝ።

“ምን ሆንኩ?”

“ሻይ አፈላህልኝ፤ ብርጭቆውንም አጠብከው። ጉልበቴን አመመኝ አላልክም። በረዶውን ማን ይጠርገዋል ብለህም አልተነጫነጭክም።”

መጥታ የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ለረጅም ጊዜ አየችኝ፣ ዓይኔ ውስጥ፣ እኔም የምሸሽበት አልነበረኝም። አንዲት ነገር ፊቷ ላይ ስትመጣና ቦታዋን ስትይዝ አየሁ።

“ሳራ ደህና ናት?” አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

“ደህና ናት።”

“ልጆቹስ?”

“ሁሉም ደህና ናቸው።”

እጆቿን ጉልበቷ ላይ አሳረፈች። ትንሽ ተነፈሰች። ልናገር አፌን ስከፍት መዳፏን አነሳች።

“ስሙን አትንገረኝ” አለች። “ነገ ሲመጡ ይነግሩኛል። አሁን ና፣ ገና እየወረደ ነው፤ አብረን እንየው።”

ወንበሬን ይዤ ተከተልኳት።